የሊማሊሞው ሰበብ

«ኧረ ይሄማ ያስጠላል!» አለች ሕሊና፣ ድምፅዋ ከፊልሙ ጩኸት በላይ እስኪሰማ።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ከኋላ «እሽሽ!» አላት። በአግዳሚዎቹ ላይ ተጣብበው የተቀመጡት የደባርቅ ልጆች ግን ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ባለመዳብ ጭንብሉ ጀግና ኃይሉ ጠፍቶበት ከሃያኛ ፎቅ እየወደቀ ነበር። ልክ መሬት ሊደርስ ሲል ፍራሽ የጫነ መኪና ከሥሩ አለፈና ተቀበለው። ሾፌሩ ዞር ሲል ደግሞ በሕፃንነቱ የጠፋው አባቱ ሆኖ ተገኘ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሕሊና ተነሥታ ወጣች።

የሚሊኒየሙ ዓመት ነበር፤ እሷም ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፣ የክፍሏም አለቃ። የፊልሙን ክፍል አንድ ሦስት ጊዜ አይታዋለች። በዚያኛው ልጁ መብረር እስኪችል ድረስ ስንት ጊዜ ወድቋል፣ ስንት ጊዜ ተሰብሯል! ክፍል ሁለት መጣ ሲባል ሳምንቱን ሙሉ እሑድን ስትጠብቅ ከረመች። አሁን የተበላሸ ወተት እንደ ጠጣ ሰው አፏን አጣማ በሩ ላይ ቆማለች።

ጓደኛዋ ድረስ ፊልሙን ጨርሶ እየሳቀ ወጣ።

«ምነው አካበድሽው? ፊልም እኮ ነው።»

«ፊልም ስለሆነ ያሞኘኝ?»

«ሰው ሲበር ያመንሽ፣ መኪና በመንገድ ሲያልፍ አላምንም ትያለሽ?»

«መብረሩን መጀመሪያውኑ ነግረውኛል፤ እሺ ብዬ ነው የገባሁት። ፍራሹን ግን ማን ነገረኝ? ደራሲው መውጫ ሲያጣ ያመጣው ነው። የሞተው ወንበዴ መንታ ወንድም አለው፤ እሺ። መንታው ከጀግናው እናት ጋር አንድ አውቶቡስ ላይ ይሳፈራል፤ እሺ። ፍራሽ መጣ፤ አባት መጣ! ምን አድርገው ነው የሚያዩን?»

«በኑሮም እኮ ነገር ይገጣጠማል፣ ሕሊ።»

«አንዴ ይገጣጠማል። ሦስቴ ከተገጣጠመ ተራኪው ውሸታም ነው።»

ድረስ ይህቺን አባባል ወደዳት። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ በሙሉ ሰምቷት ነበር።

ሰኞ የጂኦግራፊ ፈተና ነበር። ያርጋል አልመጣም። ያርጋል ከአዲ አርቃይ አካባቢ ከቆላው የመጣ፣ ደባርቅ ላይ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው፤ ከኋላ ይቀመጣል፣ ካልጠየቁት አይናገርም። ማክሰኞ ሲመጣ ልብሱ አቧራ ለብሷል፣ የሸሚዙ አንድ እጅጌ ተቀዷል።

«ትናንት የት ነበርክ?» አሉት መምህር እንግዳው።

ያርጋል ተነሣ። እናቱ ታማ ቅዳሜና እሑድን ጤና ጣቢያ ሲያስታምማት ሰነበተ። ሰኞ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፈረ። ዛሪማን እንዳለፉ ጎማው ፈነዳ። በእግሩ ሲሄድ አንድ አይሱዙ ጫነው። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ድንጋይ ተንዶ መንገዱ እስከ ማታ ተዘጋ።

ከወዲያ ከወዲህ መሳቅ ጀመሩ።

«ማስረጃ አለህ?»

«ከጤና ጣቢያው ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር፣ ቲቸር» አለ ያርጋል። «ከስንቄ ጋር አስሬው… መንገዱ እስኪከፈት ስንጠብቅ ዝንጀሮ ወሰደብኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ራሳቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ሕሊና ዞሩ። «አለቃ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

የእሑዱ ፊልም ትዝ አላት። እኛን ምን አድርጎ ነው የሚያየን? አለች በሆዷ።

«ጎማ ፈነዳ፣ ድንጋይ ተናደ፣ ዝንጀሮ መጣ» አለች ጣቶቿን እያጠፈች። «ቲቸር፣ የቀረው ፍራሽ የጫነ መኪና ነው።»

ድረስ ዴስኩን ደበደበ። ሳቁ ሲበርድ መምህሩ መዝገቡ ላይ ዜሮ ጻፉ። ያርጋል የተቀደደውን እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፎ ተቀመጠ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሙ «ዝንጀሮው» ሆነ፤ በእረፍት ሰዓት ብብታቸውን እያከኩ ይከተሉት ጀመር።

ረቡዕ ዕለት የሕሊና አጎት ገዱ ለምሳ ቤታቸው ጎራ አለ። ገዱ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ሲያልፍ ሲያገድም እኅቱን ሳያይ አይሄድም። ጨዋታ ያውቃል። እጁን ሳይታጠብ ጀመረ።

«ሰኞ ለት ያየሁትን ብነግራችሁ! ሊማሊሞ ላይ ናዳ አግዶን ቆመናል። አንድ ተማሪ ጭኛለሁ። አንዱ አውራ ዝንጀሮ ሹልክ ብሎ የልጁን ስንቅ ላፍ! ልጁ ተከትሎት ወደ ገደሉ ወረደ። ‹ተው፣ ትሞታለህ!› ብል ማን ሰምቶ። እጁ ተቦጫጭቆ፣ ልብሱ ተቀዶ ተመለሰ። እኔ እስቃለሁ፣ እሱ ያለቅሳል። ‹ዳቦ እገዛልሃለሁ› ብለው ‹ዳቦውን አይደለም፣ ወረቀቴን ነው› ይለኛል።»

እናቷ ሳቀች። ሕሊና ግን ያነሣችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰች።

«ጋሼ፣ ስሙን ነግሮሃል?»

«ያር… ያርጋል መሰለኝ። ምነው፣ ታውቂዋለሽ?»

ምግቡን ትታ ወደ ጓሮ ወጣች። ሾፌሩ የገዛ አጎቷ! ይህን በፊልም ብታየው ኖሮ ገና ሳያልቅ ትወጣ ነበር። አሁን ግን ያስጠላት ፊልም አልነበረም። ጣቶቿን እያጠፈች ስትቆጥር የነበረችው ሕሊና ናት ያስጠላቻት፤ ሳቁን ስትሰማ ደስ ያላት ሕሊና።

ሐሙስ ጠዋት መንገድ ላይ ለድረስ ነገረችው።

«ዝም በይ ባክሽ» አላት። «አጎቴ ነው ስትዪ ማን ያምንሻል? ሙድ ነው የሚይዙብሽ።»

«አንተስ ታምነኛለህ?»

ድረስ «አንቺ ስለሆንሽ» አለ።

መምህር እንግዳውን መምህራን ክፍል በር ላይ አገኘቻቸው። ያወቀችውን ሁሉ ሳታስቀር ነገረቻቸው። መዝገቡን ገልጠው ዜሮዋን ሰረዟት።

«ከሰዓት በኋላ ብቻውን ይፈተናል። እኔም መቸኮል አልነበረብኝም። በይ፣ ሂጂ።»

ሕሊና አልሄደችም።

«ልጆቹስ፣ ቲቸር?»

«ልጆቹ ምን አገባቸው? ይረሱታል።»

«አይረሱትም። ስም አውጥተውለታል።» መሬት መሬት እያየች ነበር፤ ቀና አለች። «አምስት ደቂቃ ይስጡኝ። እኔ ልንገራቸው።»

«ሾፌሩ አጎቴ ነው ስትዪ የሚሉሽን ታውቂዋለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ደወሉ ጮኸ። መምህሩ ጠመኔያቸውን ይዘው ቀደሙ፤ ሕሊና ተከተለቻቸው። ክፍል ሲገቡ ወደ ቦታዋ አልሄደችም። ሰሌዳው አጠገብ ቆመች። ያርጋል ከኋላ ሆኖ ቀና ብሎ አያትና መልሶ አቀረቀረ።

«ስለ ያርጋል የምናገረው አለኝ» አለች።

ከአንድ ጥግ ሳቅ ተነሣ። ስቀው እስኪያልቅላቸው ጠበቀች።