ወደ ግራ የሚዞረው ዲስክ

ይህን የምጽፍላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን፣ በጣቴ የነካሁትን ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ደግሞ ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው... ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ነበር።

ሥራዬ የቤት ዕቃ መጠገን ነው። ቬንትሌተር፣ ጁስ መፍጫ፣ ቴፕ፣ ዲቪዲ... የሚዞር ነገር መዞር ሲያቆም ወደ እኔ ይመጣል። የሰፈር ሰው «ብሎን» ይለኛል። እውነተኛ ስሜን የምታስታውስ እናቴ ብቻ ናት።

ከሱቄ ጀርባ ካለው ፎቅ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ይኖራሉ። በዕድሜ እናቴን ስለሚያህሉ እማማ እላቸዋለሁ። አንድ ልጅ ነበረቻቸው። ታማ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው።

ዲቪዲ ማጫወቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሱቄ ያመጡት ዕለት እንዲህ አሉኝ፦

«ፎቶዋስ ሞልቶኛል። መልኳ አይጠፋኝም። ድምጿ ነው እየጠፋኝ ያለው፣ ብሎኔ። ትናንት ላስታውሰው ብዬ... የእሷ ይሁን የእህቴ ልጅ መለየት አቃተኝ።»

የልጅቷ ድምፅ የቀረው አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። የልደቷ ዕለት የተቀረጸ ነው። ዲስኩን ግን ይዘውት አልመጡም፤ መንገድ ላይ ይሰበርብኛል ብለው ፈሩ።

ማሽኑን ከፈትኩት። ሌንሱን ጠረግኩ፣ ሞተሩን አየሁ፣ የራሴን ዲስክ ከተትኩ። እንደ እንዝርት ሾረ። ምንም አልነበረበትም፤ ያኔውኑ ይዘውት ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ሱቄ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ዕቃው አኩርፏል» አሉኝ። «አንተ ዘንድ ጨዋ፣ ቤቱ ሲገባ ሌላ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲሁ ነበር።»

ስቄ የመሣሪያ ቦርሳዬን አነሳሁና ተከተልኳቸው።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ ቬንትሌተሩ መደርደሪያው ላይ፣ ዲቪዲው ከቴሌቪዥኑ በታች። ዲስኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጡኝ፤ አራስ ልጅ እንደሚያቀብል ሰው።

ከተትኩት። ትንሽ ዞረ... ቀስ አለ... ቆመ።

ቴሌቪዥኑ ላይ «ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ መጣ።

የራሴን ዲስክ ሞከርኩ። እሱም ያው። ትናንት እጄ ላይ ሲሾር የነበረው ማሽን ነው።

«ቬንትሌተሩም እኮ እንዲሁ ነው» አሉ እማማ። «ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም።»

በአንድ ቤት ሁለት ዕቃ እኩል ሲታመም ዕቃውን አይደለም የምትጠረጥረው፤ መስመሩን ነው።

«ኃይል አንሶት ይሆናል» አልኳቸው።

«እንግዲያው የስፌት መኪናዬም በሱ ይሆናላ። ወደ ኋላ እየዞረ ክር ይበጥስብኛል።»

«እሱም ከመስመሩ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ።

«በእግር የሚረገጥ ነው፣ ብሎኔ። ኤሌክትሪክ ምኑን ያገኘዋል?»

የቬንትሌተሩን ገመድ ነቀልኩና ቴስተሬን ሶኬቱ ውስጥ ከተትኩ።

ኃይሉ ሙሉ ነው።

ገመዱን መልሼ ሰካሁ። ቬንትሌተሩ ማጉረምረም ጀመረ። ክንፉን በጣቴ ወደሚዞርበት ወደ ቀኝ ገፋ አደረግኩት። ጥቂት ዞረ... ቆመ... ከዚያ በራሱ ጊዜ ወደ ግራ መዞር ጀመረ።

ፊት ለፊቱ ያለው መጋረጃ ሊርቅ ሲገባው ወደ እሱ ተሳበ።

እንዲህ ያለው ከዚህ በፊትም አጋጥሞኛል። መነሻ ኃይሉ የደከመ ቬንትሌተር ግራ ቀኙን አይለይም፤ ወደ ገፉት ይሄዳል። ይሄ ግን ወደ ገፋሁት አልሄደም።

ነቀልኩት። ቆመ።

የዲቪዲውን ክዳን በካቻቢቴ ፈትቼ አነሳሁ። አሁን ዲስኩ ራቁቱን ይታያል። የእማማን ዲስክ መልሼ አስቀመጥኩና አስነሳሁት። ያው ነው... ትንሽ ዞሮ ቀጥ።

የሞተሩን ጉልበት ለማወቅ ጠርዙን በአመልካች ጣቴ ነካሁ።

ይህን ሥራ የሠራ ሰው ያውቃል። የደረቀ ሞተር ድንጋይ ነው፤ ምንም አይሰማህም። የተያዘ ሞተር ግን ይንቀጠቀጣል። መሄድ እየፈለገ የያዘው ነገር አለ።

ይሄኛው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከወዲያኛው ጠርዝ... ልክ እንደ እኔ... አንድ ጣት ያረፈበት ይመስል።

አጎንብሼ ሥሩን አየሁ። ሽቦ የለም፣ ፀጉር የለም። ምንም የለም።

«ምን ሆነ?» አሉ እማማ በሹክሹክታ። ለምን በሹክሹክታ እንደሆነ አላውቅም።

«ምንም።» እኔም ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

መነሳት ነበረብኝ። ነገር ግን ዓይናቸው ጣቴ ላይ ነበር። ደግሞ የእጅ ልማድ ክፉ ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውዬ «እንቢ ያለ ሞተር ምክንያቱን ሳትጠይቅ ወደ ወደደው ግፋው» ይሉኝ ነበር። እዚህ ቤት ያለ ነገር ሁሉ ግራን ወድዷል።

ዲስኩን ወደ ግራ ገፋሁት።

ቅቤ የተቀባ ይመስል ሄደ።

ዲስክ ከላይ ሲያዩት ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። ወደ ግራ ከዞረ ማሽኑ ምንም ማንበብ አይችልም። ቴሌቪዥኑ ላይም ያው «ዲስክ የለም» ተጽፏል።

የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ግን ሽሽሽ አለ። ከዚያ ትንፋሽ... ሰው ደረጃ ወጥቶ ሲደርስ የሚተነፍሰው ዓይነት።

«እማዬ።»

የወጣት ሴት ድምፅ ነው። ጥርት ያለ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሠራሁት ብዬ።

«ይኸው እማማ። ድምጿ።»

እማማ አልሳቁም። አላለቀሱም። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ነበር።

«ይሄ... ዲስኩ ላይ የለም» አሉ።

«እንዴት?»

«ዲስኩ ላይ ጭብጨባ ነው ያለው። የሰው ጫጫታ። እሷ የምትናገረው መጨረሻ ላይ ነው። በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ዲስኩ ግን ይዞራል።

«እማዬ... ማን አለ እዚያ?»

እማማ መጀመሪያ እኔን አዩ። ቀጥሎ ማሽኑን። ከዚያ ከጓዳ ለሚጣራ ሰው እንደሚመለስለት፣ በተረጋጋ ድምፅ፦

«ጠጋኙ ነው፣ ልጄ።»

«ጨርሷል?»

የዲቪዲውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩ።

አልቆመም።

እንዲያውም ፈጠነ። መደርደሪያው ላይ ቬንትሌተሩ፣ ገመዱ ተነቅሎ ወለል ላይ እንደተጋደመ፣ ክንፉን ቀስ ብሎ ወደ ግራ አንቀሳቀሰ። ከኋላዬ ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ የሚል ተሰማኝ። ዞር አልኩ። የስፌት መኪናው መርገጫ ከፍ ዝቅ ይላል። ላዩ ላይ እግር የለም።

ክሩ ተበጠሰ።

ዲስኩን ላቆመው ጣቴን ሰደድኩ። እማማ አንጓዬን ያዙኝ። ዕድሜ ልኩን መቀስ የጨበጠ እጅ ነው... አልላወስ አለኝ።

«አትንካት።»

«እማማ፣ ይሄ ነገር ደግ አይደለም። እንውጣ።»

«ወዴት?»

«ሱቄ። ጎረቤት። የትም ይሁን፣ ብቻ ከዚህ እንውጣ።»

«ድምጿ እኮ ነው፣ ብሎኔ። አሁን ለየሁት። የእሷው ነው።» ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ፊታቸው ግን እንቅልፍ እንደጠገበ ሰው ነው። «ልጠይቅህ። አሁን ብታቆመው... መልሰህ ልታስነሳልኝ ትችላለህ?»

ልዋሽ ነበር። ዓይኔ ግን ከሶኬቱ ወደ ነቀልኩት ገመድ ሄደ።

ያ በቃቸው። አንጓዬን ለቀቁት።

«እንግዲያው ሂድ። እናትህ ትጠብቅሃለች።»

«እማዬ» አለ ድምፁ። አሁን ከድምፅ ማጉያው የመጣ አልመሰለኝም። ቅርብ ነው። ከክፍሉ መሃል ነው። «እማዬ፣ ነይ።»

ቦርሳዬን ትቼ ወጣሁ። በሩን መዝጋቴንም አላስታውስም።

ኮሪደሩ ላይ ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ነው። ጎረቤታቸው ገመድ ላይ ልብስ ታሰጣለች። መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ ነበር፤ አውጥታ ሳቀችብኝ።

«ብሎን፣ ምነው ፊትህ አመድ መሰለ? ኤሌክትሪክ ያዘህ እንዴ?»

ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

«ካውያዬንስ መቼ ነው የምታይልኝ?» አለች። ከዚያ ወደ እማማ በር በአገጯ እየጠቆመች፣ «እንግዳ መጣላቸው መሰለኝ። ደስ ይላል። ሁለት ሆነው ሲስቁ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።»

እኔ ሳቅ አልሰማሁም ነበር።

አሁን ግን... አዎ። ሁለት ሳቅ።

ዞር ብዬ አየሁ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው።

እማማ ፀሐይዋ ላይ፣ ክፍሉ መሃል ቆመዋል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቀኝ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ሽቅብ ዘርግተው፣ ሥሩ በቀስታ ይዞራሉ። ወደ ግራ። ሰው እጅህን ይዞ በጭፈራ ሲያዞርህ እንደምትዞረው።

ከላያቸው ማንም የለም።

ጣቶቻቸው ግን ታጥፈዋል... ጫፋቸውም ነጥቷል፣ አጥብቆ የጨበጠው እጅ ያለ ይመስል።