ከምስር ፍሬ የምታንሰው መብራት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ስለ አንዲት ትንሽዬ መብራት ላጫውታችሁ ነው፤ ትንሽ ናት ብላችሁ ግን እንዳትንቋት።

ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ኢክራም የምትባል ልጅ ነበረች። ኢክራም ወንድም አላት። ስሙ ኢምራን ነው፤ ገና ጥርስ ያላወጣ፣ ጉንጩ ቡፍ ያለ ሕፃን ነው።

ኢምራን የሰው ፊት ማየት ይወዳል። የእናቱን ፊት ሲያይ ይስቃል። የኢክራምን ፊት ሲያይማ እግሩን እያወራጨ ነው የሚስቀው።

አንዳንድ ቀን ግን ማታ ማታ መብራት ይጠፋል። ድርግም!

ያኔ የእናቱም ፊት የለም፤ የኢክራምም ፊት የለም። «እኝ! እኝ! እኝ!» ኢምራን ያለቅሳል።

እሹሩሩ ቢሉት እንቢ፣ ጡት ቢሰጡት እንቢ። ሻማ ሲበራለት ደግሞ ነበልባሉን ልያዝ ብሎ እጁን ይሰዳል። ስለዚህ ሻማው ቶሎ እፍ ይባላል።

ኢክራምን ወንድሟ አሳዘናት። ፊት የሚያሳይ፣ ወንድሟን ግን የማያቃጥል መብራት ፈለገች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አክስቷ ወደ ዘምዘም ሄደች። ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው። ዘምዘም ከሥራ ስትመለስ የተበላሸ ሬዲዮ መፍታትና ሽቦ መቀጠል ትወዳለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ ብሎን እንጂ ሳህን አይቀመጥም።

ኢክራም የወንድሟን ነገር አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ዘምዘምም ከብልቃጥ ውስጥ አንዲት ነገር አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

ኢክራም ዐይኗን አጥብባ አየቻት። ከምስር ፍሬ ታንሳለች።

«አክስቴ፣ ይቺ ናት መብራት?» አለች ቅር ብሏት።

«በቁመቷ አትለኪያት» አለች ዘምዘም። «በይ አሁን፣ እጅ ወደ ኋላ!»

የዘምዘም ጠረጴዛ ሕግ ይህ ነው። የምትበይድበት ብረት ሲግል፣ ልጆች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ኢክራም አጣመረች፤ እስቲ እናንተም አጣምሩ።

ጭስስ! አንዱ ሽቦ ተያያዘ። ጭስስ! ሌላውም ተያያዘ።

ዘምዘም ትንሿን መብራት ክንፍ ክንፍ ካለው ብረት ላይ ለጠፈቻት። መስኮቱን ዘጋች፤ ሽቦውንም ከባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኘች።

ቦግ!

ግድግዳው ታየ። ጣሪያው ታየ። ጣሪያው ጥግ የተኛችው ሸረሪት እንኳ ከነእግሮቿ ታየች።

ኢክራም አፏን ከፍታ ቀረች። ይህ ሁሉ ብርሃን የወጣው ከዚያች ከምስር ፍሬ ከምታንሰው ነው።

የድሮው አምፖል ሆዳም እንደነበረ አክስቷ አጫወተቻት። ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላና አብዛኛውን ሙቀት ያደርገዋል፤ ለብርሃን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይቺ ግን ጥቂት ትበላለች፣ ብዙ ታበራለች።

በሉ አብራችሁ በሉ፤ ጥቂት ትበላለች፣ ብዙ ታበራለች።

ዘምዘም የምትጫነው ማብሪያ ቁልፍ ገጠመችላት፤ ኢክራምም መብራቷን ከነባትሪዋ እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቤት ገባች።

እነኢክራም ቤት ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ጥሩ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ሬዲዮው ጥልፍ ለብሷል። ፍሪጁም ቀሚስ አለው። ሪሞቱ እንኳ እስከ ዛሬ ላስቲኩን አላወለቀም።

ኢክራም የመብራቷን ጀርባ አየች። ክንፍ ክንፍ ያለው ብረት ምንም አልለበሰም። አሳዘናት።

እናቷም አዘነችላት። ሁለቱ ሆነው ብረቱን በወፍራም የሱፍ ሹራብ ጥቅልል አደረጉት። በላዩም ቀይ ጥብጣብ አሰሩበት። አማረባት።

ማታ ሆነ። ድርግም!

ኢምራን «እኝ!» ሊል አፉን ከፈተ። ኢክራም ቶሎ ብላ የመብራቷን ቁልፍ ተጫነች።

ቦግ!

ኢምራን አፉን እንደከፈተ ቀረ። ኢክራምን አያት። እግሩን እያወራጨ ሳቀ።

ብዙ ሳይቆይ ግን የኢክራም ፊት ደብዘዝ አለ። ደግሞ ደብዘዝ አለ። ቤቱም ሱፍ ሱፍ ሸተተ።

እናቷ ሹራቡን ነካ አድርጋ እጇን ሰበሰበች። ትኩስ ነው። ወዲያው መብራቷን አጠፋቻት።

ጨለማ። «እኝ! እኝ! እኝ!»

«እማ፣ ገደልኳት መሰለኝ» አለች ኢክራም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ዘምዘም ለቅሶውን ከማዶ ሰማች። በጨለማው በዳበሳ መጣችና መብራቷን ደባበሰች። እጇ ሹራቡ ላይ ሲደርስ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ሹራቡን አወለቀችላት። «ይቺም እኮ ትንሽ ትንሽ ትሞቃለች» አለች። «ሙቀቷ በጀርባዋ፣ በእነዚህ ክንፎች በኩል ወደ አየር ይወጣል። መውጫ ካጣ እሷኑ ያደክማታል። ይህን ሳልነግርሽ የላክሁሽ እኔ ነኝ።»

«ትድናለች?»

«አብሽሪ፣ ትድናለች። እስክትቀዘቅዝ እንጠብቃት።»

ኢምራን እያለቀሰ፣ ኢክራም ብረቱን በትንፋሿ አራገበችው። እፍ! እፍ! እናንተም አግዟት። እፍ! እፍ!

ብረቱ ትኩስ ነበር። ለብ አለ። ከዚያ ቀዘቀዘ። ኢክራም ቀስ ብላ ቁልፉን ተጫነች።

ቦግ!

ኢምራን እንባው ጉንጩ ላይ ሳይደርቅ ሳቀ።

ዘምዘም የኢክራምን እጅ ይዛ፣ ሳታስነካት ከብረቱ ክንፎች በላይ አቆመችላት። የሆነ ነገር መዳፏን ዳሰሳት። ለስለስ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ የማይታይ።

ሙቀቱ እየወጣ ነበር። ብርሃኗ በፊቷ፣ ሙቀቷ በጀርባዋ፣ ድምፅ እንኳ ሳታሰማ። ኢክራም እጇን መመለስ አቃታት።

«ሱብሃነላህ» አለች እናቷ ቀስ ብላ። እሷም እጇን ዘርግታ ነበር።

ዘምዘም ደህና እደሩ ብላ ወጣች። ኢምራንም ዐይኑን ማሸት ጀመረ። እናቱ ሹራብ አለበሰችው፤ በጋቢ ጠቀለለችው፤ ብርድ ልብስ ደረበችለት። ኢክራም ከጎኑ ተኛች፤ መብራቷም እንድታርፍ ተብሎ ጠፋች።

ጨለማ። «እኝ!»

ኢክራም ወደ መብራቷ እጇን ሰደደች። ሳትጫናት ቆም አለች። በጋቢው ውስጥ እጇን አስገብታ የወንድሟን ጀርባ ነካች። ትኩስ ነው፤ በላብ ርሷል።

«እማ» አለች በሹክሹክታ፣ «የኢምራንም ሙቀት መውጫ አጥቷል።»

እናቷ ዳበሰችው። እውነትም ሹራብ፣ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ! አፏን በእጇ ይዛ እየሳቀች ብርድ ልብሱን አነሳችለት፤ ሹራቡንም አወለቀችለት። ጋቢውንም ላላ አደረገችለት።

ኢምራን «እፍፍ» ብሎ ተነፈሰ። በዚያ ጨለማ፣ የማንንም ፊት ሳያይ፣ የእህቱ እጅ ጀርባው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

የኔም ታሪክ እዚሁ አጠገባቸው አንቀላፋ። በሉ፣ የእናንተን መብራት ማን ያጠፋል?