የ«ም» ዓይኖች

ሐሊና ዓረፍተ ነገሩን ከትናንት ጀምሮ ስታጠናው ነበር። «ጋሼ፣ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ አልመጣም።» አጭር ነው፣ ጨዋም ነው። ችግሩ፣ ሰውዬው አጠገቧ ተቀምጠው ከማታቱው ሚኒባስ የወንበር ቀበቶ ጋር ሲታገሉ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍ አይወጣም።

«ይሄ ቀበቶ ደግሞ ዛሬ ምን ነካው?» አሉ ጋሼ ወንዳፍራሽ።

ማካንጋው፣ የሚኒባሱ ረዳት፣ ጎንበስ ብሎ አሰረላቸውና ሂሳብ ሊሰበስብ ወደ ኋላ አለፈ። ሐሊና አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ጋሼ ወንዳፍራሽ ግራፊክ ዲዛይነር ናቸው። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላም ናይሮቢ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማስታወቂያና የመጽሐፍ ሽፋን ሲሠሩ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ኪሊማኒ ባለው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን የኋላ ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ያስተምራሉ። ያስተምራሉ ማለት፣ ያው ጥቁር ወረቀት ያስቆርጣሉ። ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ሲቀመጥ፣ ልጆቹ በመቀስና በምላጭ ፊደል ሲቆርጡ ይውላሉ። እሳቸው እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ከኋላ ከኋላ እየዞሩ፣ «ጥቁሩን ተዉት፣ ነጩን እዩት!» ይላሉ። መቀስ ሲይዙ ያያቸው ግን የለም።

«ማዘዝ ብቻ! ሰውዬው ኦልድ ስኩል ናቸው» ትላለች ሠርክ፣ የሐሊና የልብ ጓደኛ። ሠርክ ባለፈው ወር ጥላ ወጥታ ላቪንግተን ያለ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ገብታለች። እዚያ ገና በመጀመሪያው ቀን ፎቶ ላይ እሳት ማንደድ ያስተምራሉ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከትለዋት ሄዱና ሐሊናና ኢዮስያስ ብቻ ቀሩ። ከሁለት አንዱ ከወጣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ክፍሉን ለመዘምራን እንደሚሰጡት ሁሉም ያውቃል። ዓረፍተ ነገሩ ከአፏ ያልወጣው ለዚህ ነው።

ስልኳ ነዘረ። ሠርክ ናት። «ነገርሻቸው?»

«ገና» ብላ መለሰችላት።

ሪቨር ሮድ ያለው ማተሚያ ቤት ሲደርሱ ካማው፣ የቤቱ ባለቤት፣ ሲዲውን ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተው። ሲዲው ላይ ያለው የወጣቶች መዝሙር ቀን ፖስተር ነው፤ የሐሊና ሥራ። ጋሼ «አንቺ አሁን ደርሰሻል» ብለው ኮምፒውተሩን የለቀቁላት ለእሷ ብቻ ነበር። ቀኑና ቦታው በእንግሊዝኛ ነው፤ ርእሱ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል «ኑ አብረን እንዘምር» ይላል።

ይላል ተብሎ ነበር። ካማው ያወጣው የሙከራ ቅጂ ላይ ግን በርእሱ ቦታ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ተዘበራርቆ ተደርድሯል።

«አማርኛ እንዲህ ነው እንዴ?» አለ ካማው በእንግሊዝኛ፣ ከልቡ እየጠየቀ።

ሐሊና ፊቷ ጋለ። በካማው ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ፊደል የለም። ጋሼ ሁልጊዜ «ከመላካችሁ በፊት ፊደሉን ወደ ሥዕል ለውጡት» እያሉ የሚጨቀጭቋቸው ለዚህ ነው። እሷ ግን ፋይሉን ስታዘጋጅ ልቧ ላቪንግተን ነበር።

«ረስቼው ነው ጋሼ። ሶሪ።»

ጋሼ አልተቆጡም። ካማው ሰዓቱን አየ። ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ በቅዳሜ ትራፊክ ኪሊማኒ ደርሶ መመለስ የማይታሰብ ነው። ፖስተሩ ደግሞ ነገ ከአምልኮ በኋላ መታደል አለበት።

«እኔ ርእሱን በእንግሊዝኛ ልጻፍላችሁ፣ ሳዋ?» አለ።

ሐሊና «ሳዋ፣ ይሁን» ልትል ስትል ጋሼ ቀደሟት።

«እነ እትዬ ሙሉነሽስ?» አሉ። እትዬ ሙሉነሽ ከስደተኞች መጠለያ የመጡ፣ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ እናት ናቸው፤ እንግሊዝኛ አያነቡም። «ወደ ገዛ ቤታቸው ሲጠሩ ሰው ያንብብላቸው?»

ከካማው ጥቁር ወረቀትና ምላጭ ተቀበሉ። ቆርጠው ነጭ ወረቀት ላይ ከለጠፉት እሱ ስካን ያደርገዋል። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉ። ሐሊና ጠጋ አለች፤ ሲሠሩ ልታያቸው ነው።

ምላጩ ወረቀቱን ሳይነካ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግራው ሊደግፈው መጣ፤ እሱም ተንቀጠቀጠ። ወረቀቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ።

ካማው ቀለም የሚፈልግ መስሎ ወደ ጓዳ ገባ። ሐሊና ኪሱም፣ ቀበቶውም፣ ማዘዙም በአንድ ጊዜ ገባት። ሠርክ «ማዘዝ ብቻ» ስትል አብራ መሳቋ ትዝ አላትና አፈረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«ታዲያ ጡረታውን ወድጄ የወጣሁ መስሎሻል?» አሉና ፈገግ አሉ። «ማውሱም እኮ አልታዘዝ ብሎኛል።» ምላጩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «በይ ዛሬ እጅሽን አውሺኝ።»

ሐሊና ተቀመጠች። እሳቸው ከትከሻዋ በላይ ሆነው «ቀስ፣ ‹ረ›ን አታስወፍሪያት፣ ነጩን እያየሽ» ይላሉ፤ እሷ ትቆርጣለች። መሀል ላይ ማዘዛቸው አልተሰማትም። የሚያዩትን እሷም እያየችው ነበር፤ በፊደሎቹ መካከል ያለው ነጭ ቦታ እኩል ሲተነፍስ ይታያታል። ደስ አላት፤ እንዲህ ደስ ይለኛል ብላ አላሰበችም።

«ም» ላይ ስትደርስ አስቸገራት።

«ዓይኖቹ እኩል አልሆኑም ጋሼ። አንደኛው ጠቧል። ልድገመው?»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ተይው። ሰውስ ከልቡ ሲዘምር አንድ ዓይኑን ይጨፍን የለ?»

ካማው የመጀመሪያውን ቅጂ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ራቅ ብሎ አየውና «ሳፊ! ግሩም ነው» አለ። ጋሼ ከፖስተሩ ፊት ሳይንቀሳቀሱ ብዙ ቆዩ።

ሲመለሱ ጥቅሉን ሐሊና ጭኗ ላይ አቀፈችው። ገና ይሞቃል።

«ጠዋት ልትነግሪኝ የፈለግሽው ነገር ነበር» አሉ ጋሼ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ። «ከኪሊማኒ ጀምሮ አፍሽን ስትከፍቺ ስትዘጊ ነበር። ንገሪኝ፣ አልቀየምም።»

ያውቃሉ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ፤ አላወጣችውም። የጋሼን ቀበቶ ሳብ አድርጋ አሰረችላቸው።

«የኢዮስያስ ምላጭ ደንዟል» አለች። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ልግዛለት ወይ ልልዎት ነበር።»

ጋሼ ወንዳፍራሽ ዞር ብለው አዩዋት።

«ግዢለት» አሉ። «ላንቺም ጨምሪ።»

ማታቱው ተነሣ። እስከ ኪሊማኒ ድረስ እጃቸውን ኪሳቸው አልከተቱም።