አንድ ኪሎባይት

በወጉ ቢሆን ኖሮ መርማሪ ሲመጣ ሬሳው ወለሉ ላይ ተጋድሞ ሊጠብቅ ይገባ ነበር። መርማሪዋ ግን ከጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካው በር የደረሰችው ቦይለረኛው፣ የእንፋሎት ማፍያው ሠራተኛ፣ ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው። የጠበቋት የተተረተረ የእንፋሎት ቧንቧ፣ ታጥቦ የጸዳ ወለልና ከበሩ አጠገብ ወዲያ ወዲህ የምትል መበለት ብቻ ነበሩ።

«ልጄ» አለች መበለቲቱ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «ቧንቧውን የበየደው ታናሽ ወንድሜ ነው። በአደጋው ዋዜማ! እናታችን ስትሞት ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አሁን ብየዳው ነው ባልሽን የገደለው ይሉኛል። ሦስት ቀን በሬን ዘግቼበታለሁ፤ አጥሬ ሥር ተቀምጦ ይውላል። ገድሎብኝ ከሆነ ይታሰር። ካልገደለ ቤቴ ይግባ። ባሌን ቀብሬ ደግሞ ወንድሜን ልቅበር? ቁርጡን ንገሪኝ!»

«ዛሬውኑ እነግርዎታለሁ» አለች መርማሪዋ። ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ደነገጠች። እንዲህ ያለ ቃል የምትሰጥ ሴት አልነበረችም።

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ሳበላት። እሷ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ቦርሳዋን አስቀመጠችበትና ቢሮውን ከዳር ዳር ትመላለስ ጀመር።

«ኢንስፔክተር፣ ይሄ እኮ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው» አለ። «የእንፋሎቱ ግፊት በየሴኮንዱ ይመዘገባል። መዝገቡ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ቧንቧው እስከ ፈነዳበት አራት ሰዓት ድረስ ስድስት ባር ነበር ይላል። ስድስት ደግሞ ደንቡ ነው። በደንቡ ግፊት የፈነዳ ቧንቧ ብየዳው ቢበላሽ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ቶሎ ይዝጉልኝ፤ ማሽኖቼ ቆመውብኛል።»

«ማሽኑስ ነገ ይነሣል» አለችው፤ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ጠባብና ሙቅ ነው። የኮምፒውተሮቹ ማራገቢያ ያለ ፋታ ያንሾካሹካል። ከማያው ፊት የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ ጥፍሮቿን እስከ ሥጋቸው በልታቸዋለች። ከኋላዋ የፈረቃ አለቃው ቆሟል። ደረት ኪሱ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንገቱ ላይ ትርፍ መነጽር፣ ክንዱ ላይ የዝናብ ካፖርት። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው! ሠራተኛው «ለክፉቀን» እያለ የሚጠራው በከንቱ አልነበረም። ምንም ነገር ሲያነሣ «ይቀመጥ፣ ለክፉ ቀን ይሆናል» ማለት ልማዱ ነው።

«መዝገቡን እንዴት ነው የምታስቀምጪው?» አለች መርማሪዋ ልጅቱን።

«በየሰዓቱ አንድ ፋይል ይሞላል። ሰዓቱ ሲያልቅ ማያው ላይ ባለው በዚህ ጥቁር መስኮት አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፌ አምቄ አሳንሰዋለሁ፤ ቦታ እንዳይፈጅ ነው። ስንፈልገው በሌላ ትእዛዝ እንደነበረ ይዘረጋል። አንዲት ነጥብ አትጎድልም።»

«ከሦስት እስከ አራት ያለውንስ ማን አመቀው?»

የልጅቱ ዓይን ከአፏ ቀድሞ ወደ አለቃዋ ሄደ። «እኔ ነኛ።»

«ከወንበርሽ አልተነሣሽም?»

«አልተነሣሁም።»

«ንቅንቅ አላለችም» አለ የፈረቃ አለቃው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ደረት ኪሱን እየዳበሰ።

መርማሪዋ የፋይሎቹን ዝርዝር ከነመጠናቸው አስወጣችና በጣቷ ቁልቁል ትከተለው ጀመር። ሳይታመቅ ሁሉም ፋይል ሃያ አንድ ኪሎባይት ገደማ ነው። ከታመቀ በኋላ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ይላል። ጣቷ የአደጋው ሰዓት ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ! ደግሞ የሌሎቹ ሰዓታት የታመቀው ፋይል ብቻ ሲቀመጥ፣ የዚህኛው ያልታመቀውም ከጎኑ አለ። ያልታመቀውን ፋይል ከፍታ ረጅም ጊዜ ቁጥሮቹን ስታይ ቆየችና በያጁን ፍለጋ ሄደች።

በመበለቲቱ አጥር ሥር አገኘችው። ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል፤ ጢሙ አድጓል።

«ብየዳህን ሞክረኸው ነበር?»

«በዘጠኝ ግፊት ሞክሬዋለሁ። የእህቴ ባል፣ ጋሼም፣ አብሮኝ ቆሞ አይቷል። 'እጅህ ይባረክ' ብሎኝ ነበር።» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «በዘጠኝ የቻለ ቧንቧ በስድስት እንዴት ይፈነዳል? ሌት ተቀን ይህንን ነው የማሰላው። መዝገቡ ስድስት ካለ ግን… መዝገብ ምን ብሎ ይዋሻል? ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው። ይሰሩኝና ልረፍ!»

«ማረፍማ ለኔም አልሆነልኝም» አለችው። «ተነሣ፣ ተከተለኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስቱም መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። መበለቲቱ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። በያጁ ከእሷ ርቆ በግድግዳው ጥግ ቆመ፤ ቀና ብላም አላየችው። መርማሪዋ በመሃላቸው ትዞራለች።

«ማመቂያው ብልህ ነው» ብላ ጀመረች። «የተደጋገመ ነገር ሲያገኝ ሁለቴ አይጽፍም፤ 'ያው እንደ ላይኛው' ብሎ ያልፈዋል። እውነተኛ ግፊት ደግሞ እንደ ሕፃን ነው፤ አንድ ሴኮንድ አርፎ አይቀመጥም። ስድስት ሲባል እንኳ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ድግግሞሽ የለውምና ብዙ አይጠብም። ለዚህ ነው የሁሉም ሰዓት ፋይል ዘጠኝ ኪሎባይት ገደማ ላይ የቆመው። ሟች የሞተበት ሰዓት ፋይል ግን ወደ አንድ ወረደ። ለምን?»

ጣቷን ማያው ላይ አኖረች።

«አነበብኩት። የአምስት ደቂቃ ቁጥር አሥራ ሁለት ጊዜ ተገልብጧል። ከነነጥቡ፣ ያው በያው! አንድ ሰው እውነተኛውን መዝገብ አውጥቶ በምትኩ ደህናውን አምስት ደቂቃ እያባዛ ሞልቶበታል።»

«እኔ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር የለም» አለ ሥራ አስኪያጁ በችኮላ። «የኔ ሥራ መፈረም ነው።»

«እሱንስ አየሁት። አንቺ ግን ታውቂያለሽ።» ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞረች። «የዛሬውን አንዱን ፋይል እዚሁ እመቂልኝ።»

ልጅቱ አንድ መስመር ጻፈች። ያልታመቀው ፋይል ከዝርዝሩ ጠፋ፤ የታመቀው ብቻ ቀረ።

«ሁልጊዜ ይጠፋል?»

«ሁልጊዜ። ሲታመቅ የታመቀው ይተካዋል።»

«ታዲያ የዚያን ሰዓት ብቻ ሁለቱም ለምን ቀሩ?»

ልጅቱ ማያውን አየች። ከዚያ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «አልነበርኩም! ልጄን ትኩሳት ያዘው ብለው ከሕፃናት መዋያው ደወሉልኝ። አለቃዬ 'ሂጂ፣ እኔ እቀመጥልሻለሁ' አሉኝ። ስመለስ ጋሼ ሞተዋል። 'ወንበርሽን ጥለሽ መሄድሽ ከታወቀ አንቺም ትታሰሪያለሽ፣ ዝም በይ' አሉኝ። ልጄን ማን ያሳድግልኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

«ኧረ የኔ እህት፣ እግዜርን ፍሪ!» አለ የፈረቃ አለቃው። «ራሷን ለማዳን ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ማቅለሚያው ውስጥ ነበርኩ።»

«ይሆናል» አለች መርማሪዋ በትሕትና። «እንግዲያው እርስዎም አንድ ፋይል ይመቁልኝና ይገላገሉ።»

ሰውዬው መነጽሩን ወለወለ፣ ተቀመጠ። ጣቶቹ የለመዱትን መንገድ ያውቃሉ፤ ሮጡ። ከፋይሉ ስም በፊት አንዲት ትንሽ ፊደል ጨመረ። ትእዛዙ ሲያልቅ ያልታመቀውም የታመቀውም ጎን ለጎን ቀሩ።

«ይቺ ፊደል ምንድን ናት?»

«ዋናው እንዳይጠፋ ነው» አለ፣ በኩራት። «ይቀመጣል፣ ለክፉ ቀን…» አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ኮምፒውተሮቹ ያንሾካሹካሉ። ሥራ አስኪያጁ ክራባቱን አላላ።

«ዋናውን አጥፍቶ የማያውቅ ሰው» አለች መርማሪዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለችበት ቆማ፣ «እውነተኛውንም መዝገብ አላጠፋም። አያስችለውም። ከገባን ጀምሮ ያንን ደረት ኪስዎን አራት ጊዜ ዳበሱት። ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን ይስጡኝ። ክፉው ቀን ይኸው መጥቷል።»

ከሁለቱ እስክሪብቶዎች ሥር ጥፍር የምታህል ፍላሽ ወጣች።

ተቆጣጣሪዋ ፍላሿ ውስጥ ያለውን የታመቀ ፋይል ዘረጋችው፤ ቁጥሮቹ በማያው ላይ ወረዱ። ስድስት። ስድስት ተኩል። ስምንት። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ ከምናምን። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

«ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ» አለ የፈረቃ አለቃው ወለሉን እያየ። «ጨርቁ እስከ ቀትር ካልወጣ ቦታህን ልቀቅ አሉኝ። ግፊቱ ከፍ ሲል የማቅለሚያው ውኃ ቶሎ ይፈላል። ትንሽ ብቻ ከፍ ላድርገው ብዬ ነው። እሱን ለመግደል አልነበረም፤ እናቴ ትሙት!»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ ዞረ። መርማሪዋ የእሱንም ስም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፤ ከሥሩም አሰመረችበት።

መበለቲቱ ተነሣች። «ባሌ ታዲያ አላየም? እሱ ያችን ቦይለር ከሚስቱ ይልቅ ያውቃታል። ምንም አላለም?»

«ደወለ» አለ የፈረቃ አለቃው።

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ። 'ቀንሱልኝ፣ ቧንቧው እያቃሰተ ነው' አለ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

የፈረቃ አለቃው መነጽሩን አወለቀ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ ታገሥ አልኩት።»

መበለቲቱ ትጮኻለች ብለው ጠብቀው ነበር። አልጮኸችም። እንደ መንገደኛ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ክፍሉን አቋርጣ እስከ ግድግዳው ጥግ ሄደች። በያጁ እንደሚመታ ልጅ አንገቱን ቀበረ።

«እትዬ» አለ፣ «ልምጣ?»

«ትጠይቀኛለህ ደግሞ?» አለችው፤ እንባዋ አሁን ገነፈለ። «ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛው 'ወንድምሽ የት ሄደ' ሲለኝ መልስ አጥቼ ነበር። ና ወደ ቤታችን።»