የማይዘጋው በር

«የበሩን ማገጃ ፒን ያልሰካኸው አንተ ነህ! የእህትህን ባል ገደልከው!»

«እኔ? ዕቃ ግምጃ ቤት ነበርኩ እኮ! አዲስ ቱቦ አምጣ ብሎ የላከኝ ራሱ ነው።»

«እሱን ለእህትህ ትነግራታለህ፤ ከእስር ቤት ሆነህ።»

መርማሪዋ የአውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር ውስጥ ስትገባ የጥገናው አለቃ ወጣቱን መካኒክ እንዲህ ይከስሰው ነበር። የወጣቱ እህት ባል፣ አንጋፋው መካኒክ፣ በመንገደኞች ጄቱ ሥር በሸራ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ጎማው በሚገባበት ጎድጓዳ ውስጥ ሲሠራ በሩ ተዘግቶ ጨፍልቆታል።

አለቃው አንድ ዓይኑን እየደጋገመ ይጠርጋል። «አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን» አለ፤ ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለና፣ «ከሰዓት በረራ አለን፤ ይሄን ቶሎ ብታነሱልን?»

«ይሄን» ያለው ሬሳውን ነው። መርማሪዋን አፏን መረራት። መሐረብ ሰጠችው፤ ጠርጎበት መለሰላት።

ጠዋት ጄቱን ያሳረፈው ካፒቴን ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«አየር ላይ ምን ገጠማችሁ?»

«የሃይድሮሊክ ቱቦ ፈነዳ፤ ፈሳሹ አልቆ መለኪያው ዜሮ ገባ። ጎማዎቹን በእጅ አላቅቄ በክብደታቸው አወረድኳቸው። እንዲያ ሲወርዱ በሮቹ እንደተከፈቱ ይቀራሉ።»

«እንዲዘጉስ?»

«ፈሳሽና ፓምፕ ይፈልጋሉ።»

«የተረፈ ግፊት አይጠፋም» አለ አለቃው። «እኔ ቢሮዬ ነበርኩ፤ ዛሬ አውሮፕላኑን አልነካሁትም።»

መርማሪዋ ካፒቴኑን አብራሪው ክፍል ወጥቶ መለኪያውን እንዲያይ ላከችው። ገርጥቶ ወረደ። «ሞልቷል!»

የአየር መንገዱን ሥራ አስኪያጅና የግምጃ ቤቱን ሠራተኛ አስጠርታ ሁሉንም ከጎማው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ባዶ ታንክ ግፊት አያስተርፍም። ባዶ መሆኑን ስለሚያውቅም ሟች ፒን ለመሰካት አልተቻኮለም። የፈነዳውን ቱቦ ፈትቶ የመስመሩን ጫፎች ደፍኗቸዋል። እሱ ውስጥ ሳለ አንድ ሰው ታንኩን ሞልቶ ፓምፑን አስነሳ። መካኒኩስ ያኔ የት ነበር?»

«ግማሽ ሰዓት እኔ ፊት ቆሞ ሲነጫነጭ ነበር» አለ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ።

«ሟች ስለፈነዳው ቱቦ ምን አለህ?»

«የፈነዳው አሮጌ ነው፣ ቀለም ቀብተው አዲስ አስመስለውታል አለኝ» አለ መካኒኩ።

«አዲስ ተገጥሟል ብሎ የፈረመው ማን ነው?»

ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ገልጦ አለቃውን አየው።

መርማሪዋ መሐረቡን ዘረጋችው፤ ሐምራዊ እድፍ አለበት። «ፈሳሹ ሐምራዊ ነው፤ ዓይንን እንደ በርበሬ ያቃጥላል። ሐዘን በሁለት ዓይን ያስለቅሳል፤ እርስዎ በአንዱ ብቻ ነው የሚያለቅሱት። ሲሞሉ ተረጨብዎት። ቱታዎን ቀየሩ፣ ቅንድብዎን መታጠብ ረሱ።»

«ሊያጋልጠኝ ነበር!» አለ አለቃው። «እኔም እኮ ልጆች አሉኝ።»

«ያን ቱቦ የገጠሙበት አውሮፕላን ላይ የሌላ ሰው ልጆች ተሳፍረዋል» አለችው፤ እጁን ላለመንካት ካቴናውን በጣቶቿ ጫፍ ይዛ አሰረችው።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አወጣ። «የከሰዓቱን በረራ በምን እንተካው?» ካፒቴኑ ተቆጣ፤ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ መሐል ገባ፤ ጭቅጭቁ ሃንጋሩን ሞላው።

መካኒኩ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዞ የእህቱን ባል አምቡላንሱ ላይ ጫነ፤ አጠገቡም ተቀመጠ። መኪናው በጎን በር ወጣ።