ካርታ አለው

ሬሕማ ሙስዐብን የተዋወቀችው ከኦምዱርማን ገበያ ስትመለስ አውቶቡስ ላይ ነው። በስልክ አማርኛ ስታወራ ሰማትና ከሟች እናቱ በቀረችው ስብርባሪ አማርኛ «ወሎ ነሽ?» አላት። እሷ አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ እሱ እዚያው ካርቱም ተወልዶ ያደገ የማዕድን መሐንዲስ ነው። ስለ ሥራው ስትጠይቀው «እኔ ዕድሜዬ በሙሉ ካርታ ነው፤ ሌላ የለኝም» አለ።

የቤት ካርታ ያለው ሰው። የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረች ሴት በዚህ ልቧ ቢሞቅ ማን ይፈርድባታል?

እየዋለ እያደረ ግን ወደደችው። የአማርኛ ቃል ሲጠፋው ዝም ብሎ ዓይን ዓይኗን ያያል። በፍቅር የጣላት ያ ዝምታ ነው።

ወሎ ያሉት አባቷ ሼህ ከቢር ከአገር ቤት ለጋብቻ የሚፈልጋት ሌላ ጠያቂ ነበራቸው። ሙስዐብ ላግባሽ ብሏት «አባ፣ ይሄኛው ካርታ አለው» ስትላቸው ያኛውን መለሱትና ካርቱም ላይ ኒካህ የሚያስርላት ወኪል ሊያቆሙ ቃል ገቡ።

ታዲያ መሥሪያ ቤቱ ሙስዐብን ለማክበር ባዘጋጀው ድግስ ላይ ሬሕማም ተጋበዘች። ተናጋሪው በዐረብኛ ታሪኩን ሲዘረዝር፣ የሱዳን ወርቅ ቆፋሪዎች «ካርታ» የሚሉት ወርቁ ከወጣለት በኋላ የሚደፋው፣ ሜርኩሪ የነካው አፈር እንደሆነ ሰማች። ሙስዐብ ያንን መርዝ ከመንደር ጉድጓድ ሲያርቅ፣ አጣርቶም መልሶ ለሥራ ሲያውል ነው የኖረው። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሬሕማ ብቻ ቁጭ እንዳለች ቀረች።

ውጭ ሲወጡ፣ ካርታ ሲላት የቤት ካርታ እንደመሰላት ነገረችው። መሳቅ ጀመረና እንባዋን ሲያይ ተወው።

«ታዲያ ለቤቱ ነው እሺ ያልሽኝ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «በኋላ ቤቱን ረሳሁት።»

«ወላሂ፣ እኔ ጀሪፍ ሰፈር ያለሁበት ቤት በኢጃር ነው። በየወሩ ነው የምከፍለው» አለ፣ ድግሱ ላይ የተሰጠውን ሽልማት ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ።

እዚያው ቆማ አባቷ ጋ ደወለች። እውነቱን ስትነግራቸው ሰውየውን አቅርቢልኝ አሉ። ስልኩን ሰጠችው።

«ልጄን የት ልታኖራት ነው?»

ሙስዐብ ሽልማቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አላውቅም፣ አባባ።»

ሼህ ከቢር ስልኩን ዘጉት። ሙስዐብም ሳይሰናበታት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ የሙስዐብ ስልክ ዝግ ሆነ። ምግብ ሳትነካ መዋል ጀመረች። የምትሠራላት ሴት ኢንቲሳር ታመሽ ወይ ስትላት፣ አዎ አለቻት። ሙስዐብንም አባቴንም አጣሁ ብላ፣ አገር ቤት ልትመለስ ሻንጣዋን አውጥታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

እያጠፈች ሳለ አባቷ ደወሉ።

«ያ ሰውዬ ቪላ አለኝ ቢለኝ እዚህ ሆኜ ምን አውቅ ነበር?» አሉ። «አላውቅም ማለቱ እንቅልፍ ነሳኝ። ለማይዋሽ ሰው ብሰጥሽ ይሻለኛል። ወኪል የሚሆን ሰው ፈልጉ።»

ሻርፗን እንኳ ሳታስተካክል ጀሪፍ በረረች። ሙስዐብ በሩን ሲከፍት ፊቱ ከስቷል፤ ጢሙም አድጓል።

«አባቴ ፈቀዱ» አለችው እያለከለከች።

ፈገግ አላለም። ዓይን ዓይኗን እያየ ቆየ።

«አንቺስ?»

«እኔማ የኪራይ ቤት መሆኑን አውቄ ነው የመጣሁት» አለች።