እርድ የመሰለው ጨርቅ

«አውልቂው! አጠቆረሽ!»

ጓደኛዋ ሰብለወንጌል ቢጫውን ጨርቅ ከሺፋ ትከሻ ላይ ገፈፈችና ክሬም ቀለም ያለውን ጨርቅ ጣለችባት። ስልኳን አነሳች። «አሁን ቀና በይ። አታኩርፊ።»

ሺፋ ግን አኩርፋለች። ጌጃ ሰፈር ባለው የእናቷ የብትን ጨርቅ ሱቅ ውስጥ እንደ መስቀያ ከቆመች ቆይታለች። ዒድ ደርሷል፤ ልብስ ሰፊው ጋሽ ፈቃደ «ዛሬ ጨርቁን ካላመጣችሁ አልደርስላችሁም» ብለዋል። እርድ የመሰለውን ቢጫ የመረጠችው ራሷ ነበረች፣ ጥቅሉ ከመርካቶ የመጣ ዕለት። ሰብለ ደግሞ ከቪዲዮ የተማረችውን ይዛ መጣች፦ ሰው ሁሉ የሚያምርበት ቀለም አለው፤ ጨርቁን አገጭ ሥር አድርጎ ፊት ምን እንደሚሆን ማየት ነው።

«እና እኔ ምን ሆንኩ?»

«መጸው ነሽ።»

«ምን?»

«ፈረንጆቹ ሰውን እንደ መልኩ በአራቱ ወቅቶች ነው የሚከፍሉት። አታካብጂ ጀለሴ፣ ይልቅ በክሬሙ እንዴት ቀላ እንዳልሽ እዪ!»

ሺፋ ስልኩን ተቀበለች። «መጸው» ከሚለው ሥር ቀለሞች ተደርድረዋል። ቡኒ፣ የወይራ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫው። ራሱ ቢጫው። ክሬም የለም።

«ሰብለ፣ ይሄ እዚህ አለ'ኮ።»

«አውቃለሁ። ግን ያጠቁርሻል።»

«ታዲያ ምርመራው የሚያምርብኝን ነው የሚፈልገው ወይስ የሚያቀላኝን?»

ሰብለ ትከሻዋን ሰበቀች። «ያው ነው።»

ያው ነው። የሺፋ ጆሮ ጋለ።

እናቷ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አሉ። «ማነው ልጄን ጥቁር ያላት? ጠይም ናት! የኔ ልጅ ጥርት ያለች ጠይም!»

ያ ባሰባት። እናቷ ጥቁር መባልን እንደ ስድብ ቆጥረው ከላይዋ የሚያነሱላት ነበር የሚመስለው።

«እማዬ፣ ጥቁር ብሆንስ?»

እናቷ ጨርቁን ማጠፍ ጀመሩ፣ የታጠፈውን።

ሺፋ የሱቁን መስታወትና ሁለቱን ጨርቆች ይዛ ደጃፉ ላይ ወጣች፤ አምፖል የሌለበት፣ ፀሐይ ያለበት ቦታ። ክሬሙን አገጯ ሥር አደረገች፤ ከንፈሯ አመድ የነካው መሰለ። ቢጫውን አደረገች። ዓይኗ በራ፣ ጉንጯ ሞቀ። ጠቁራለችም። ሁለቱም እውነት ነበር።

«ሺፋ ሙች፣ ለአንቺው ብዬ ነው» አለች ሰብለ ከኋላዋ፣ ድምፅዋ ቀጠን ብሎ። «ፎቶ ላይ እንዳትጠፊ…»

«ማን ጠፋ?»

ቢጫውን በብብቷ ይዛ መንገዱን ወደ ልብስ ሰፊው ተሻገረች። ሰብለ ክሬሙን እንደያዘች ተከተለቻት።

ጋሽ ፈቃደ ቢጫውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ በጠመኔ አሰመሩ። ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሁለቱን ልጆች፣ ሁለቱንም ጨርቆች አዩ። «ከተቆረጠ መመለስ የለም። የትኛው ነው?»

ሰብለ አፏን ከፈተች። ሺፋ ዞራ አላየቻትም። ንዴቱ ገና ደረቷ ላይ ነበር፤ ዛሬ የሚለቅ አይመስልም።

«ይሄኛውን ይቁረጡት» አለች። «ከተረፈም ሻርፕ ያውጡልኝ።»

መቀሱ ቢጫው ውስጥ ገባ።